ዘይት የሚበላ ሞተርና ሁለት የጠመኔ መስመሮች

ዛሬ ጠዋት የሠራሁትን ስሕተት አንድ ጀማሪ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ከጋራዥ አስወጣው ነበር። የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። ጋራዥም የለኝም፤ ራሴን ከየት ላስወጣው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤቴ ደጃፍ ላይ የማቆማት አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል አለችኝ። ከእኔ የምትሻለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእሷ ጉልበት መለዋወጫ ይገኛል። መነጽሬን ሳላደርግ ወጣሁና የዘይት መለኪያዋን መዝዤ አየሁት። ጫፉን እንኳ ዘይት አልነካውም። «ወይ ጉድ! ይቺም በስተርጅና መጠጥ ጀመረች» አልኩና ግማሽ ሊትር ገደማ ገለበጥኩባት። አስነሳኋት። ሰፈሩ ሰማያዊ ሆነ።

ወደ ታች ያየሁት ያኔ ነው። ሞተሯ በጎን መቆሚያዋ ተጋድማ ነው የቆመችው። ተጋድሞ የቆመ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ መለኪያው ባዶ ነኝ ብሎ ይዋሻል። ሞተር መጀመሪያ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል፤ ዘይቱ ወርዶ እስኪረጋ ይጠበቃል፤ ከዚያ ነው የሚለካው። ይህንን ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ዕድሜ ልኬን እየጮህኩ ስናገር ኖሬያለሁ። ዘይት ሲያንስ ሞተር ይጎዳል፤ ሲበዛም በመተንፈሻው ቱቦ እየወጣ ወደ አየር ማጣሪያው ይገባና አብሮ ይቃጠላል። የተረፈውን ሰፈሩ ይተነፍሰዋል።

ጭሱ ገለል ሲል ፊት ለፊት ካለው ቤት ሲስተር የሺ ወጣች። ሲስተር የሺ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ በወጣትነቷ በገጠሩ እየዞረች ሕፃናት ትከትብ ነበር።

«ምነው አያሌው፣ ማር ልትቆርጥ ነው እንዴ?»

«ዘይት በዝቶባት ነው።»

«ማን አበዛባት?»

«አንድ ሽማግሌ።»

ሳቀች። ከዚያ እያነከሰች ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ እንደ ልማዷ የግራ ጭኗን ዳበስ አደረገችና የማልወደውን ነገር ተናገረች። «ሐጂ ሳልም ይህን ቢያዩ በሳቁ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸውስ መጨረሻ ላይ ዓይናቸው ከዳቸው እንጂ እንዲህ ያለ አይሠሩም።»

በክፋት አይደለም የምትለው። ሐጂን፣ የቀድሞ አለቃዬን፣ ትወዳቸው ነበር። እግሯ የተሰበረው ግን ከእኛ ጋራዥ በወጣ ሞተር ነው፤ እሷም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ምክንያቱን የሐጂ ዓይን አድርጋ ነው የምታውቀው። ለጎረቤት ትነግራለች፤ ዕድር ላይ ትነግራለች። የሐጂ ሳልም ዓይን ግን አልከዳቸውም። የከዳቸው ሌላ ነው። ያንን ለመናገር ከመጀመሪያው መጀመር ይሻለኛል።

ወደ ሐጂ ሳልም ጋራዥ የገባሁት ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ነው። ከዚያ በፊት የአውቶቡስ ረዳት ነበርኩ፤ አውቶቡስ ላይ ስለተንጠለጠልኩ ብቻ ስለ ሞተር የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ጋራዡ ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ከጨርቅ ሻጮቹ ጀርባ ነው። ሐጂ አያታቸው ከየመን የመጡ፣ ወንድሞቻቸው ሁሉ ነጋዴ የሆኑ፣ እሳቸው ብቻ እጃቸውን በግሪስ ያጠቆሩ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ካቻቢቴ አምጣ ቢሉኝ ሮጬ ፒንሳ አመጣሁላቸው። ፒንሳውን አገላብጠው አዩና «ማሻአላህ! ስትሳሳት እንኳ ፈጣን ነህ» አሉኝ። ወዲያው ቀጠሩኝ። ለምን እንደቀጠሩኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ደመወዙ ያሳፍራል፤ እኔም ከዚያ የተሻለ አይገባኝም ነበር።

ሐጂ ሞተር ከመንካታቸው በፊት ባለቤቱን ነበር የሚፈቱት። «ዘይት መቼ ጨመርክ? ምን ያህል? ስትለካ እንዴት አቁመሃት ነበር?» ከዚያ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ዘርግተው ሻይ ይጠጣሉ። «ዘይት ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው አያልዬ» ይሉኛል። «ወይ ይፈስሳል፣ ወይ ይቃጠላል። መጀመሪያ መሬቱን ጠይቀው።» ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካለ ሥራው ቀላል ነው፤ የላላ ብሎን ወይም ያረጀ ማሸጊያ ነው። ካርቶኑ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ መተንፈሻ ቱቦውን ነቅለው በአፋቸው እፍ ይሉበታል። አንድ ጊዜ ዘይት በላብኝ የሚል ጨርቅ ነጋዴ መጣ። ሌላ ጋራዥ ሙሉ በሙሉ ይታደስ ብለውት ተስፋ ቆርጧል። ሐጂ ቱቦውን እፍ ቢሉት አየር አያልፍም፤ በጭቃ ተደፍኗል። ሞተር ትንፋሹ ሲታፈን በውስጡ ያለው ግፊት ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገፋዋል። በቀጭን ሽቦ ጠራርገው ሰጡት።

ሰውየው ተቀየመ። «ይኸው ነው? በሽቦ?»

«ከፈለግህ ደግመን እንድፈነውና እናድስልህ» አሉት ሐጂ።

ካርቶኑም ቱቦውም ንጹሕ ሲሆን ግን የቀረው መሣሪያ አንድ ነው፤ ሐረጎ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። ለሌላው ሰው ገደል ነው፤ ለሐጂ ሳልም መመርመሪያ ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው። ረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ዘግተህ ስትወርድ ሞተሩ አየር ያጥረውና ወደ ውስጥ ይምጋል። የቫልቮቹ ማሸጊያ ጎማ ደርቆ ከሆነ በዚያ በኩል ዘይት ይስባል። ታች ደርሰህ ነዳጅ ስትሰጠው ያጠራቀመውን አንዴ ቡፍ አድርጎ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፤ ከዚያ ይጠራል። በሽታው ፒስተኑን የከበበው ፋሻ ወይም የተፋቀ ሲሊንደር ከሆነ ግን ቁልቁለቱን ዝም ብሎ ይወርድና፣ ወደ ደሴ ሲወጣ፣ ጭነት ሲሰማው፣ ዳገቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ያጨሳል። በመውረድ የሚያጨስ የቫልቭ ጎማ፣ በመውጣት የሚያጨስ ፋሻ። ጎማው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ፋሻው ሞተሩን እስከ ሆዱ ያስከፍታል። ሜዳ አገር ያሉ መካኒኮች ይህ ሁሉ ዳገት ስለሌላቸው አዝንላቸዋለሁ።

ታዲያ ጭሱን ማን ያየዋል? ነጂው አያየውም፤ ከኋላው ነው። ስለዚህ ሐጂ ሳልም ነጭ ቆባቸውን አጥብቀው፣ ከኋላዬ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ፊታቸውን ጭሱ ወደሚወጣበት ማርሚታ አዙረው ይቀመጣሉ። አንድ እጃቸው ቀበቶዬን ጨብጧል። ሐረጎን የኋሊት እየወረዱ ጭስ የሚያነቡ ሐጂ! መንገደኛ ይቆማል፤ የጭነት መኪና ረዳቶች ይጮኻሉ።

«ሐጂ! ከደሴ ጋር ተጣልተው ነው ወይስ ከአሁኑ ናፈቀዎት?»

«የፊቱን ይሄ ያያል፣ ወላሂ እሱንም አላምነው!» ብለው ይመልሳሉ።

ኮምቦልቻ ሻይ ጠጥተን ሽቅብ እንመለሳለን። ጋራዥ ስንደርስ፣ ሞተሯ ካላጨሰች፣ ሐጂ ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው የሞተሩ ቤንዚን ታንክ ላይ ሁለት መስመር ያሰምራሉ፤ አንዱ የቁልቁለቱ፣ አንዱ የዳገቱ። ሁለት መስመር የሌላት ሞተር ከጋራዣችን አትወጣም። ደሴ ላይ ያንን መስመር የማያውቅ ሞተረኛ አልነበረም፤ ሁለት መስመር ካየ ሳይጠይቅ ይነዳል።

ሲስተር የሺ ሞተሯን ይዛ የመጣችው በዚያ ዘመን ነው። ልጅ እግር ነርስ ነበረች። ሴት ሞተር ስትነዳ ለማየት ሱቅ ተዘግቶ በሚወጣበት ጊዜ፣ እሷ የክትባት ሳጥኗን ከኋላ አስራ በኮምቦልቻ ቆላ ቀበሌዎች ትዞር ነበር። ሞተሯ የመሥሪያ ቤት ናት፤ ዘይት ትበላለች። ሐጂ ያን ቀን ከኮምቦልቻ ወዲያ ወዳለችው ደጋን ለቅሶ ሊደርሱ ሄደዋል።

«ለነገ ጠዋት ትደርስልኛለች ወይ?» አለችኝ። «እናቶቹን ቀጥሬያቸዋለሁ። ልጆቻቸውን አዝለው ሁለት ሰዓት እየተጓዙ ነው የሚመጡት።»

«አብሽሪ፣ ትደርሳለች!» አልኳት፤ የሐጂን ቃል ተውሼ። የሐጂን ጭንቅላት ግን አልተዋስኩም።

ከዚያ በፊት የሠራኋቸው ሦስት ሞተሮች በሙሉ ችግራቸው ፋሻ ነበር። ስለዚህ አራተኛውም ፋሻ ነው አልኩ። ዶፍ ይዘንባል፤ ሐረጎን ለመውረድ ሰነፍኩ። ያለ ሐረጎም ቢሆን የሚፈትን ዘዴ ነበረን፤ ካንዴላውን ነቅለህ አንድ ማንኪያ ዘይት በቀዳዳው ታፈስሳለህ፣ ካንዴላውን መልሰህ የማስነሻውን መርገጫ በእጅህ ትጫናለህ። ከበፊቱ ይበልጥ ከከበደህ ፋሻው አርጅቷል፤ ካልተለወጠ ፋሻው ደኅና ነው። ሞከርኩት። አልተለወጠም። እኔ ግን እጄ ደክሞ ነው ብዬ አለፍኩት። ሰው ልቡ አስቀድሞ ከወሰነ እጁ የነገረውን አይሰማም።

ከፈትኩት። የወጣው ፋሻ ብዙም አልተበላም። ያም ነገረኝ፤ ያንንም አልሰማሁም። አዲስ ፋሻ አስገባሁ፣ ገጠምኩ፣ አስነሳሁ። ከዚያ ጠመኔውን ከሐጂ መሳቢያ አውጥቼ ታንኩ ላይ ሁለት መስመር አሰመርኩ። ቀጥ ያሉ፣ ያማሩ መስመሮች ነበሩ። ከሐጂም መስመር ያምሩ ነበር።

ጠዋት ስትወስዳት መስመሮቹን አየች፤ ደስ አላት።

«ትንሽ ጭስ ብታዪ አትደንግጪ» አልኳት። «አዲስ ፋሻ እስኪላመድ ዘይት ይቀምሳል።»

ይህ ቃል እውነት ነው፤ ለዚህ ነው የከፋው። ሰማያዊ ጭስ ስታይ የእኔን ቃል አምና ዘይቱን ሳትለካ ቀረች። ደርቆ እንደ ቀንድ የጠነከረው የቫልቭ ጎማ በየቁልቁለቱ ዘይቱን ሲምግ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ሐረጎ ላይ ዘይቱ አለቀ፤ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ፤ የኋላ ጎማው መሽከርከሩን አቁሞ ተንሸራተተ። የሺ ወደቀች። ጭኗ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የክትባቱ ሳጥን ገደሉን ይዞ ወረደ። ታች ለዚያን ቀን የተቀጠሩት እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ሲጠብቋት ውለው ተመለሱ።

ሆስፒታል የሄድነው ሐጂና እኔ ነን። ሐጂ አልጋዋ አጠገብ ቆሙ። የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊም እዚያው ነበር። «ይህን ሞተር ማን ነው ያየው?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ። «ዓይኔ ደክሟል ልጄ። ጭሱን ሳላየው ቀርቻለሁ። አፉ በሉኝ።»

እኔ ከኋላቸው ብርቱካን ይዤ ቆሜ ነበር። አንድ ፌስታል ሙሉ ብርቱካን። ሰውነቴ ሁሉ ብርቱካን ተሸካሚ ሆነ፤ አፌ አልተከፈተም። መሥሪያ ቤቱ ሞተሮቹን በሙሉ ከእኛ ወሰደ።

ስንወጣ ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አጠበቁ። በኋላ «አያልዬ» አሉኝ፣ «አንተ ያቺን ሞተር በሠራህበት ቀን፣ ከደጋን ስመለስ ሐረጎ ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱ ከቀትር እስከ ንጋት ተዘግቶ ነበር። እኔ ኮምቦልቻ አደርኩ። አንተ በየት በኩል ወርደህ በየት ወጣህ?»

በየትም አልወረድኩም። በየትም አልወጣሁም።

ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ከነገ ጀምሮ ወደ ኋላ ዞረህ የምትቀመጠው አንተ ነህ» አሉኝ። አንድ ዓመት ሙሉ እሳቸው እየነዱ እኔ ሐረጎን የኋሊት ወረድኩ፣ የኋሊት ወጣሁ። ጭሱን ዋጥኩት። ደሴ ሁሉ ሳቀብኝ። የጭነት ረዳቶቹ «የሐጂ መስታወት» የሚል ስም አወጡልኝ። ጭስ ማንበብ የተማርኩት ግን ያኔ ነው፤ ሰማያዊውን ከነጩ፣ ቡፍ የሚለውን ከማያቋርጠው። ከዚያ በኋላ በቫልቭ ጎማ ፈንታ ፋሻ ቀይሬ አላውቅም።

ሐጂ ጋራዡን ሲዘጉ እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በሞተር ጠጋኝነት ተቀጠርኩ። እዚያ አለቃዬ ቅጽ የሚወድ ሰው ነበር። «የብልሽት ምክንያት» በሚለው ላይ «በቁልቁለት ያጨሳል» ብዬ ብጽፍ «ቁልቁለት የሚባል ብልሽት ቅጹ ላይ የለም» ብሎ መለሰልኝ። እኔም «የእርስዎ ቢሮ ሜዳ ላይ ስለሆነ ነው» አልኩት፤ እድገቴ የቀረው በዚያ ይመስለኛል። አሁን ደግሞ ያሉት ልጆች ሞተር አጨሰ ሲባል ሲሊንደሩን ከነፒስተኑ አውጥተው አዲስ ይተካሉ። ፈጣን ነው፤ ይሠራልም። ሐረጎን የሚጠይቀው ግን የለም።

ሐጂ ከመሞታቸው በፊት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዓይናቸው እስከ መጨረሻው የጠራ ነበር፤ ገና ከበሩ ሳልገባ የሸሚዜን የወለቀ ቁልፍ አይተዋል።

«ለዚያች ልጅ ነገርካት?» አሉኝ።

«አልነገርኳትም ሐጂ።»

«አብሽር፤ ትነግራታለህ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ከዓመታት በኋላ የሺ ፊት ለፊቴ ያለውን ቤት ገዝታ ገባች። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ስለ ሐጂ ዓይን እሰማለሁ። እኔም በየሳምንቱ ብርቱካን ተሸካሚ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ግን፣ ጭሱ ገና ልብሴ ላይ እያለ፣ የገዛ ሞተሬን በጎን መቆሚያ ለክቼ ሰፈር ያጨስኩ ሰው ሆኜ፣ ከዚህ የባሰ ሞኝ ልመስል አልችልም አልኩ። በሯን አንኳኳሁ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዝናቡን፣ ፋሻውን፣ ጠመኔውን፣ ናዳውን።

የሺ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እግሯን አላየችም።

«እግሬ ድኗል» አለች በመጨረሻ። «አነክሳለሁ እንጂ ድኗል። አንተ ግን ይህን ሁሉ ዓመት እኔ የአንድ ደግ ሰው ዓይን ሳማ ቁጭ ብለህ ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ።»

«ዕድር ላይ እንኳ?»

«ዕድር ላይ እንኳ።»

«አያሌው፣ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

«ያው እንደምታዪኝ ነኝ።»

አልሳቀችም። ተነሥታ ጓዳ ገባችና አንድ ጠመኔ ይዛ ወጣች። «ያን መንገድ ሳትሄድ ነው ያሰመርከው። ሂድና ውረድ፣ ውጣ። ሁለቱን መስመር አምጣልኝ። ያኔ እኔም ያማሁበትን አፌን ይዤ ዕድሩ ፊት ቆሜ የሐጂ ዓይን ደኅና ነበር እላለሁ።»

ትርፉን ዘይት አፈሰስኩ፤ ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ መነጽሬን አድርጌ ለካሁ። ከቀትር በኋላ ተነሣሁ። ከኋላዬ ወደ ኋላ ዞሮ የሚቀመጥ ስለሌለኝ የግራውን መስታወት ወደ ማርሚታው አዘነበልኩት። ነዳጅ ዘግቼ ወረድኩ። የሺ የወደቀችበት ጠመዝማዛ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ብዙ አልቆየሁም። ኮምቦልቻ ገብቼ ነዳጅ ሰጠሁ። መስታወቱ ውስጥ ምንም የለም። ሞተሬ ንጹሕ ናት። አንድ መስመር አሰመርኩ፤ ጠማማ ሆነ።

ሽቅብ ስጀምር ግን ሳል ሳል አላት፣ ከዚያም ቀጥ አለች። ካንዴላውን ነቅዬ ባየው በዘይት ረጥቦ ጠቁሯል። ለካ ጠዋት የበዛው ዘይት የአየር ማጣሪያውን አርሶታል፤ እኔ ከሥር አፍስሼ ማጣሪያውን ረስቼዋለሁ። መለዋወጫ ካንዴላም አልያዝኩም። የዕድሜ ልክ መካኒክ!

አንድ ባለ ኢሱዙ ቆመልኝ። ሞተሯን ከእህል ማዳበሪያዎች ላይ ጫንናት። እሷን ልይዝ እኔም ከኋላ ወጣሁ፤ ፊቴን ወደ ኮምቦልቻ አዙሬ።

«አባባ፣ ዘይት ትበላለች እንዴ?» አለኝ ሾፌሩ።

«ኧረ እኔ ነኝ ያበላኋት።»

ሐረጎን የኋሊት ወጣሁ፤ እንደ ዱሮዬ። ታንኩ ከጉልበቴ አጠገብ ነው፤ ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ነው። ማን ያየኛል? ላይኛው ጠመዝማዛ ስንደርስ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር፤ መቼ እንዳወጣሁት አላውቅም። ትንሽ ያዝኩት። ከዚያ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

የሺ በሯ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ታንኩን አየች።

«አንድ ናት።»

«አንድ ናት። ዳገቱን የወጣው ኢሱዙው ነው።»

መስመሩን በጣቷ ነካችው፤ ጣቷ ነጭ ሆነ። ጠማማነቱን ብዙ አየች። «እንግዲያው ከሐጂ ዓይኖች አንዱን መልሼልሃለሁ» አለች። «ሌላው አንተ ጋ ነው።»

ማጣሪያውን በቤንዚን አጥቤ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እስኪደርቅና ዳገቱን እስክወጣ ድረስ፣ ለሐጂ ሳልም አንድ ዓይን አለብኝ።